ምዕራፍ 6፦ እጣቢ

አያቴ ድሬዳዋ በኖረችበት ግቢ ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ ነበር። በልጅነቴ ማንም ሰው ሎሚውን ውሃ ሲያጠጣ አይቼ አላውቅም። የግቢው ቧንቧ ውሃ የሚያመጣው ሌሊት ሌሊት ነው። የመጣውም በበርሜልና በጀሪካን ተቆጥሮ ስለሚቀመጥ ለዛፍ የሚተርፍ አልነበረም። ሎሚው ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለጉንፋኑም ለሰላጣውም እየመጣ ይቀጥፈዋል።

ምስጢሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልብስ የሚታጠብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከዛፉ ሦስት እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሳፋው ሲደፋ ውሃው ከሎሚው ሥር በቀር መሄጃ የለውም። ከምግብ በፊትና በኋላ እንግዳ የሚያስታጥበው ልጅም (እኔው ነኝ) ማስታጠቢያውን የሚደፋው እዚያው ነበር። ሰንፎ በር ላይ ከደፋ ቁጣው አይጣል ነው።

ኋላ ቤቱ ታደሰ። ግቢው ሲሚንቶ ለበሰ፣ የልብስ ማጠቢያው ወደ ውስጥ ገባ፣ ፍሳሹ በቱቦ ተመርቶ ጉድጓድ ተማሰለት። ሁላችንም ደስ አለን፤ ጭቃ የለ፣ ዝንብ የለ። ሎሚው በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። «በሽታ ይዞት ነው» ተባለና ተቆረጠ።

«እጣቢ» ክብር የሌለው ቃል ነው። ቡናው ሲቀጥን «ይሄ ቡና ነው ወይስ እጣቢ?» እንላለን። ቢሆንም ቃሉ መኖሩ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ከንጹሑም ከሽንት ቤቱም የተለየ ስም ያገኘው ሥራ ስለነበረው ነው። እጣቢ ለውሻ ይሰጣል፣ ለጥጃ ይቀርባል፣ ፉርሽካ ተበጥብጦበት ላም ትጠጣዋለች። ሳህኑ በአመድና በቅጠል በሚፈተግበት ዘመን እንስሳው የሚጠጣው የወጥና የእንጀራ ትራፊ ያለበትን ውሃ ብቻ ነበር። ሳሙና ሲመጣ እጣቢው ከበረት ተባረረ። ቧንቧና ቱቦ ሲመጡ ደግሞ ከጓሮም ተባረረ። ዛሬ በከተማ ቤት የእጅ መታጠቢያው፣ የሻወሩ፣ የልብሱና የሽንት ቤቱ ውሃ በአንድ ቱቦ ተደባልቆ ይወርዳል። የመሥሪያ ቤት ቋንቋም ለሁሉም አንድ ስም አውጥቶለታል፦ ፍሳሽ ቆሻሻ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያንን ድብልቅ መልሶ መለየት ነው። ውሃ መቆጠብ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መሰሰት ነው፤ ቧንቧውን ጠበብ አድርጎ መክፈት፣ ገላን ቶሎ ቶሎ መታጠብ፣ ልጆችን መቆጣት። እሱም ይጠቅማል። የበለጠ የሚጠቅመው ግን ያንኑ ውሃ በተራ ማሠራት ነው፤ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ የሚፈልገውን ሥራ፣ በመጨረሻ ቆሻሻ ውሃ የማይጎዳውን።

ልብስ በእጇ የምታጥብ ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። የነጩ ልብስ ማለቅለቂያ ለባለ ቀለሙ መዘፍዘፊያ ይሆናል። የባለ ቀለሙ ለካልሲውና ለሥራ ልብሱ ይተርፋል። በካልሲው ውሃ ወለል ይወለወላል፣ ከወለሉ የቀረው አቧራ ለማብረድ በር ላይ ይረጫል። አንድ ሳፋ ውሃ አምስት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህን በትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ያስተማራት የጀሪካኑ ክብደት ነው።

ያ ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከቦኖ እስከ ቤት የተሸከመው ሰው እያንዳንዱን ሊትር በወገቡ ያውቀዋል፤ የሚደፋውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አይቶ ነው የሚደፋው። ውሃ በቧንቧ ሲመጣ ይህ ክብደት ይጠፋል። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ እጅ፣ ቧንቧ ሲከፍት ግን ጥርሱን ፍቆ እስኪጨርስ ድረስ ግማሽ ባልዲ ያፈሳል። ልማዱ የተለወጠው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ወገቡ መቁጠር ስላቆመ ነው።

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ይህ ክብደት በአንድ ጊዜ የተመለሰባት ከተማ ናት። እንደኛው አገር የዚያም ዝናብ የሚጠበቀው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ግን ሦስት ክረምት በተከታታይ ዝናቡ አነሰ። 4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚጠጣባቸው ግድቦች እየጎደሉ ሄዱ። ከሁሉም ትልቁ ቲዋተርስክሉፍ ወለሉ ታይቶ አሸዋና የደረቁ የዛፍ ጉቶዎች ብቅ አሉ። የከተማዋ አስተዳደር «ዜሮ ቀን» የሚባል ቀጠሮ ያዘ፦ በግድቦቹ ያለው ውሃ ወደ 13.5 በመቶ ሲወርድ የየቤቱ ቧንቧ ይዘጋል፣ ሕዝቡም 200 በሚሆኑ ጣቢያዎች እየተሰለፈ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ይቀዳል። በአንድ ወቅት ቀኑ የተገመተው ለ2018 ኤፕሪል ነበር።

25 ሊትር። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ቆም አልሁ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ አውቀዋለሁና። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ማለትም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ለገጠር ነዋሪዋ ያስቀመጠችው ግብ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ያውም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። ለከተሞች እንደየስፋታቸው ከ40 እስከ 100 ሊትር ተመደበ። የኬፕ ታውን ሰዎች እንደ ዓለም ፍጻሜ የፈሩት መጠን ለእኛ ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊደረስበት የታሰበ ከፍታ ነበር። በዚያችው ከተማ ዳርቻ በቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ሕዝብም ከጋራ ቧንቧ በባልዲ ሲቀዳ ስለኖረ ዜናው እምብዛም አላስደነገጠውም። እነዚህ መንደሮች ከከተማዋ ውሃ 5 በመቶ እንኳ አይጠቀሙም ነበር።

ባለ ቧንቧዎቹ ግን ተማሩ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ ለአንድ ሰው የተፈቀደው በቀን 50 ሊትር ሆነ፤ ከዚያ በፊት 87 ነበር። ሰዎች ሻወር ስር ሳፋ አስቀምጠው መቆም ጀመሩ። የተጠራቀመውን ሽንት ቤት ይደፉበታል። ሽንት ብቻ ከሆነ ውሃ እንዳይለቀቅ የሚያሳስብ ጽሑፍ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ተለጠፈ። ታዋቂ ዘፋኞች ሳይቀሩ ሰው ገላውን የሚታጠብበትን ጊዜ እንዲለካበት ዘፈኖቻቸውን ወደ ሁለት ደቂቃ አሳጥረው እንደገና ቀዱ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በቀን 1.2 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ትጠቀም የነበረችው ከተማ በ2018 መጀመሪያ ወደ 500 ሚሊዮን ወረደች። ዜሮ ቀን ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣና ቀኑ ሳይደርስ ቀረ።

የሳፋው ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አስተዳደሩ የቧንቧውን ግፊት ቀንሷል፣ ዋጋ ጨምሯል፣ ከልክ ያለፈው ቤት ቆጣሪ ላይ በቀን 350 ሊትር ሲሞላ የሚዘጋ መሣሪያ ገጥሟል። ገበሬዎችም ለመስኖ ካጠራቀሙት 10 ቢሊዮን ሊትር ለከተማዋ ለቀዋል። ይህን የማነሣው ስለ ቤት ውሃ ቁጠባ የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ከልክ በላይ ስለሚያጋንኑት ነው። ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችበት የሐሮማያ ሐይቅ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፦ ለጫትና ለአትክልት ቀን ከሌት የሚስበው የውሃ ፓምፕ፣ ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የሞላው ደለል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ውሃው ዳግም ታይቷል፤ እሰየው። ነገር ግን ሐሮማያ የደረቀው ሐረር ውስጥ አንዲት እናት ልብሷን አብዝታ ስላለቀለቀች አልነበረም፤ ያለችውን ስለቆጠበችም አይሞላም። የቤት ቁጠባ የሚያተርፈው ለቤቱ ነው። ቧንቧው በአራት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን ለስድስት ቀን ያደርሳል። ቦቴ ከመጥራት፣ በጋሪ የመጣ ጀሪካን በውድ ከመግዛት ያድናል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ቤት ውስጥ ውሃውን የሚጨርሰው ማን ነው? ቧንቧና መጸዳጃ ያለው ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽንት ቤቱ ሳጥን ነው። የድሮው ዓይነት አንዴ ሲለቀቅ 9 ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የመጠጥ ውሃ ነው እንግዲህ፤ ግማሽ ጀሪካን ለአንድ ሽንት። ሁለት ቁልፍ ያለውን፣ ለቀላሉ ጥቂት ለከባዱ ብዙ የሚለቅቀውን ሳጥን ብሩስ ቶምሰን የተባለ አውስትራሊያዊ ንድፍ አውጪ በ1980 እ.ኤ.አ. ሠራው። አሁን ከሚሸጡት ብዙዎቹ 3 እና 6 ሊትር ናቸው። እሱን ለመግዛት አቅም ለሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ አለ። አንድ ሊትር ተኩሉን ጠርሙስ ውሃና ጥቂት አሸዋ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ከተንሳፋፊው በራቀ ጥግ ሳጥኑ ውስጥ ማቆም ነው። አምስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢለቅቅ 37 ሊትር ተኩል ይተርፋል፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ጡብ የሚከቱ ሰዎች አሉ። ጡብ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው የመዝጊያው ጎማ ስር ይገባና ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ያድራል።

ያ ጎማ የብዙ ቤት ስውር ሌባ ነው። ድምፅ ስለማያሰማ አይታወቅም። ለመያዝ ቀይ ሥር ቀቅሎ ውሃውን ሳጥኑ ውስጥ ማፍሰስ፣ ማንም ሳይለቅቅ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው አልቋል። እኔ ቤት ቀልቷል፤ ለዚያውም ያን ሰሞን ስለ ውሃ ቁጠባ በየሄድኩበት እያወራሁ ነበር። የጎማው ዋጋ ከቀይ ሥሩ ብዙም አይርቅም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሽንት ቤቱ በባልዲ መደፋቱ የታወቀ ነው። የገላና የልብስ እጣቢ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከማድረግ ግን በቀጥታ መቀመጫው ላይ ከፍ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ መድፋት ይሻላል። ሳጥን ውስጥ ያደረ እጣቢ ይሸታል፣ የሳሙናው ዝቃጭም ማሽኑን ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ሎሚው እንመለስ።

ከአንድ ቤት የሚወጣው ውሃ ሦስት ዓይነት ነው። የሽንት ቤቱ የራሱ መንገድ አለው፤ ከእሱ ጋር የሕፃን ሽንት ጨርቅና የታመመ ሰው አንሶላ የታጠበበትም ይቆጠራል። የወጥ ቤቱ ቅባትና የምግብ ትራፊ ስላለበት ቶሎ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የቀረው፣ የገላው፣ የእጁና የልብሱ፣ ከሁሉም ብዙውና ከሁሉም ንጹሑ ነው። ለዛፍ የሚሆነው እሱ ነው።

ሥራውን የሚሠራው ደግሞ አፈሩ ነው። በላይኛው አንድ ክንድ ያህል አፈር ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የሳሙናውን ስብ፣ የገላውን እድፍ፣ ላቡን ሁሉ ይበሉታል፤ አየር ስለሚያገኙ። ወደ ታች በተሄደ ቁጥር አየሩም ነፍሳቱም ይቀንሳሉ። ስለዚህ እጣቢን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ከአጽጂዎቹ አሳልፎ ወደ ከርሰ ምድር መላክ ነው። ይህ ለድሬዳዋ ተራ ወሬ አይደለም። ከተማዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ ውሃ ነው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች ዋነኛዎቹ ናቸው። ከየቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሬት ይህን የከርሰ ምድር ውሃ እንደነካው በተደጋጋሚ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። አያቴ መሬት ላይ ትደፋው የነበረው፣ እኛ «ዘመናዊ» ብለን ካስቆፈርነው ጉድጓድ የተሻለ ማጣሪያ ነበረው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በጋለ ስሜት ጤና አዳም ተከልሁና የልብስ እጣቢ በሳምንት ሦስቴ አጠጣው ጀመር። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፣ በወሩ ሞተ። እጣቢው በረኪና ነበረበት። በረኪና አፈሩ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት የሚገድለው ልብሱ ላይ ያሉትን በሚገድልበት መንገድ ነው፤ አይመርጥም። ዱቄት ሳሙናውም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው ዱቄት ሳሙና ውስጥ የሶዲየም ጨው በብዛት ይገባል። ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች የሚያያይዘውን ይፈታዋል። የተፈታው አፈር ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ቢፈስበትም አይሰርግም። አንዳንዱ ዱቄት ቦሮንም አለው፤ ለቦሮን ደግሞ የሎሚና የብርቱካን ዘር በጣም ስስ ነው።

የአያቴ ሎሚ ታዲያ እንዴት ከረመ? አንደኛ፣ የምታጥበው በደረቅ ሳሙና ነበር፤ በእጅ ስለሚፈተግ የሚያልቀውም ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ የድሬ ውሃ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ያውቃል፤ ቧንቧ እስከ መድፈን ይደርሳል። ይህ ኖራ ካልሲየም ነው፤ ሳሙናው አረፋ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል ቤት እመቤቷን ያማርራል፣ ውሃና ሳሙናም ያስጨርሳል። አፈር ውስጥ ሲገባ ግን የሶዲየምን ጉዳት የሚመክተው እሱ ራሱ ነው። አያቴ ስትራገመው የኖረችው ውሃ ሎሚዋን ሲጠብቅላት ኖሯል። ዕድልም ነበረበት ማለቴ ነው፤ የዱሮ ሰው ሁሉን አውቆ ነው የሚሠራው የሚለው ንግግር አይዋጥልኝም።

እጣቢን ለዛፍ ማዋልን በሕግ ካስቀመጡት መካከል የአሜሪካዋ በረሃማ ግዛት አሪዞና ትጠቀሳለች። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ400 ጋሎን፣ ማለትም ከ1,500 ሊትር ገደማ በታች እጣቢ ለግቢው ተክል የሚያውል ቤት ማመልከቻ አይጠየቅም። ሁኔታዎቹን ብቻ ማክበር አለበት፦ ውሃው ኩሬ ሠርቶ አይቁም፣ ከግቢ አይውጣ፣ ሰው አይንካው፣ የሽንት ጨርቅ ውሃ አይቀላቀልበት፣ ከሎሚ ዘርና ለውዝ ከሚሰጡ ዛፎች በቀር ለሚበላ ተክል አይዋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት እጣቢ የማይነካቸው ለዚህ ነው፤ የሚበላው ክፍላቸው ራሱ ውሃው ያረፈበት ነው። ዛፍ ግን ፍሬውን ከመሬት አርቆ ይይዛል።

አደራረጉ ከባድ አይደለም። ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ቅርንጫፉ በሚያበቃበት ዙሪያ አንድ ጫማ የማይሞላ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ በገለባ፣ በሰጋቱራ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሞላል። ውሃው ከስር ይገባል፣ ከላይ ደረቅ ሆኖ ይታያል፤ ዝንብም ልጅም አይደርስበትም። እጣቢውን ከቤት በሚያመጣው የውሃ ጎማ አፍ ላይ አሮጌ ካልሲ ቢታሰር የልብሱን ብናኝ ይይዛል። አንዱ ዛፍ በየሳምንቱ ብቻውን እንዳይጠጣ ጎማው ይዘዋወራል። ክረምት ሲገባ እጣቢው ወደ ሌላ ቦታ ይመራና ዝናቡ የተጠራቀመውን ጨው አጥቦ እንዲያወርድ ይተዋል።

አንድ ነገር ግን አይፈቀድም፤ ማሳደር። እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ በበርሜል ከቆየ በውስጡ ያሉት ነፍሳት አየሩን ይጨርሱና መሽተት ይጀምራል፤ ከገላ ላይ ታጥበው የወረዱት ጀርሞችም ይራባሉ። ንጹሕ ውሃ ማጠራቀምም ዕዳ አለው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋን ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ገባባት፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው አተኮሰው። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ቀን ትናደፋለች፣ የምትወደው ደግሞ ክዳኑ ያልገጠመ በርሜል ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በደረቁ ወራት ወባ ተነሣ። ተጠርጣሪዋ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር ወገን የሆነች፣ አኖፌለስ ስቴፌንሳይ የምትባል ትንኝ ናት። አገር ቤት መጀመሪያ የታየችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነበር። እሷም የከተማ ሰው ናት፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ቤቷ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ እናጠራቅማለን፣ ስለምናጠራቅም ትንኟ ትመጣለች። ክዳን ከሌለ የበርሜሉን አፍ በነጠላ ወይም በወንፊት ጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ በሳምንት አንዴ ግድግዳውን ፈትጎ እንቁላሉን ማራገፍ ያስፈልጋል። መፈተጉ ይረሳል፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል የሚጣበቀው ግን ከውሃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ውሃው ቢያልቅም አይሞትም።

የጣሪያ ውሃ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ስለሚያሻው እዚህ በስሌት ብቻ ልለፈው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ድሬዳዋ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚንጠባጠበውና የሚተነው አንድ አምስተኛ ሲቀነስለት፣ 24,000 ሊትር ይሰጣል፤ 1,200 ጀሪካን። ችግሩ የሚመጣው በጥቂት ወራት ተጠቃሎ መሆኑ ነው።

ከመለየት ጋር የተያያዘ አንድ ከተማ ልጥቀስ። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን አጣርታ መልሳ የመጠጥ ውሃ ታደርጋለች። በ2002 የተተካው ማጣሪያ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ያመርታል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሕዝቡ ጠጥቶታል። ማጣሪያው ውስብስብ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከማጣሪያው በፊት ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ ከየቤቱ ፍሳሽ ጋር እንዳይገናኝ በሌላ መስመር ይሄዳል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ውሃ መልሶ ለማጽዳት አይመችም፤ የሚያጸዱት የሚያውቁትን ውሃ ነው። ልብስ አጣቢዋ ነጩን ከካልሲው ለይታ የምታስቀድመውም ለዚሁ ነው።

የአያቴን ግቢ አሁን የያዘችው ታላቅ እህቴ ናት። አምና ከልብስ ማጠቢያው መስኮት ስር ያለውን ሲሚንቶ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል አስሰበረችው። ሠራተኛው «አሁን ይሄ ደህና ሲሚንቶ አይደለም እንዴ፣ አቦ?» እያለ በመዶሻ ሲወቅጥ ዋለ። ከማጠቢያው የሚወጣውን ቱቦ ቆርጠው የውሃ ጎማ ቀጠሉበት፣ ጫፉ ላይ የልጇን አሮጌ ካልሲ አሰሩ። ፓፓያና ሮማን ተከለች። ሎሚ አልተከለችም። የምታጥበው በዱቄት ሳሙና ስለሆነ «ሎሚውስ ይቅርብን» አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«መጣህ? ና እስቲ፣ ያንን ጎማ ወደ ሮማኑ አዙረው። ፓፓያው ጠጥቷል።»